የኢንተርኔት ንቅናቄና ሲቪል ማኅበራት በዓረብ አገራት

እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 28 ቀን 2011 የግብፅ መንግሥት በመላ አገሪቱ የኢንተርኔት አገልግሎትን አቋረጠ። በዚያው ዕለት የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎትም ተዘግቶ ዋለ። የእርምጃው ዓላማ ከሦስት ቀናት አስቀድሞ በፌስቡክ በተላለፈ ጥሪ አደባባይ የወጣውን ሕዝብ መበተን ነበር። ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። ዕለቱ ዓርብ በመሆኑ ሕዝቡ የጁምዓ ሶላቱን እንዳጠናቀቀ ከየመስጊዱ ወጥቶ ወደ ታህሪር አደባባይ አመራ። በስልክ ወሬ ማግኘት ያልቻለው ሰውም ሁኔታውን በዓይኑ ለማየት ወደ ጎዳና ወጣ። ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ከሁለት ሳምንታት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን፣ ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ከስምንት ዓመታት በኋላ በሱዳን ተመሳሳይ ውሳኔ ተላለፈ። ጁን 3 ቀን 2019 በካርቱም በጦር ኃይሉ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው የቆዩ ተቃዋሚዎች በኃይል ሲበተኑ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ተገደሉ። ወዲያውኑም ኢንተርኔት ተቋረጠ። ይሁን እንጂ አንድ ወር ሳይሞላ፣ ጁን 30 ቀን፣ በካርቱም፣ በኦምዱርማንና በሌሎች ከተሞች እጅግ ብዙ ሕዝብ ለሰልፍ ወጣ። ይህ ሰልፍ የተጠራው ያለ ኢንተርኔት ነበር።

ሁለቱ ክስተቶች በዓረቡ ዓለም የታየውን ሕዝባዊ እንቅስቃሴ “የፌስቡክ አብዮት” በሚል ስያሜ ብቻ መግለጽ በቂ እንዳልሆነ ያስገነዝባሉ። ኢንተርኔት ጥሪ ያስተላልፋል፤ ምስል ያሠራጫል፤ የተራራቁ ሰዎችን ያገናኛል። የተሰበሰበውን ሕዝብ ወክሎ የሚደራደር፣ የሚፈርምና ለፈረመው ኃላፊነት የሚወስድ አካል ግን የሚገኘው ሰዎች አስቀድመው ሲደራጁ ነው። ይህ ጽሑፍ በግብፅ፣ በቱኒዚያ፣ በሱዳንና በሊባኖስ የታየውን ተሞክሮ በማነጻጸር በኢንተርኔት ንቅናቄና በሲቪል ማኅበራት መካከል ያለውን ትስስር ይዳስሳል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግብፅ፦ ማኅበሩ ሲዘጋ ወደ ገጹ መሸጋገር

የግብፅ ሲቪል ማኅበራት ታሪክ ረጅም ነው። የጠበቆች፣ የሐኪሞች፣ የመሐንዲሶችና የጋዜጠኞች የሙያ ማኅበራት በአገሪቱ ሕዝባዊ ሕይወት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ጉልህ ድርሻ ነበራቸው። ሆኖም አገሪቱ ከ1981 ጀምሮ በአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ስትተዳደር የቆየች ሲሆን በ2002 የወጣው ቁጥር 84 የማኅበራት ሕግ ደግሞ የማኅበራት ጉዳይ የሚመለከተው ሚኒስቴር ማኅበር እንዳይመዘገብ የመከልከል፣ የተመዘገበውንም የማፍረስ ሰፊ ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። የሠራተኛው ማኅበርም ቢሆን በ1957 በተመሠረተው ይፋዊ ፌዴሬሽን ሥር የተጠቃለለና ከመንግሥት ጋር የተቆራኘ ነበር።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ በዲሴምበር 2006 በናይል ዴልታ በምትገኘው የመሃላ አል ኩብራ ከተማ ከ20 ሺህ የሚበልጡ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ከይፋዊው ማኅበር ፈቃድ ውጪ ሥራ አቆሙ። እነዚሁ ሠራተኞች ለኤፕሪል 6 ቀን 2008 ሌላ የሥራ ማቆም አድማ በጠሩ ጊዜ ጥቂት ወጣቶች ድጋፋቸውን የሚገልጽ የፌስቡክ ቡድን ከፈቱ። የቡድኑ አባላት ቁጥር በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ 70 ሺህ ደረሰ። “የኤፕሪል 6 የወጣቶች ንቅናቄ” የተባለው ስብስብ የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው። አድማውን የጠሩት የፋብሪካው ሠራተኞች ሲሆኑ ገጹ የመጣው እነርሱን ተከትሎ ነው።

ለመንግሥት ሠራተኛ ይበልጥ ቅርብ የሆነ አብነትም አለ። በዲሴምበር 2007 የግብፅ የሕንፃ ግብር ሰብሳቢዎች ደመወዛቸው ከገንዘብ ሚኒስቴር ሠራተኞች ጋር እንዲስተካከል በመጠየቅ በካይሮ ለቀናት የመቀመጥ ተቃውሞ አካሄዱ። ጥያቄያቸውም ምላሽ አገኘ። የአድማው ኮሚቴ ሳይበተን ቆይቶ ወደ ነጻ የሠራተኛ ማኅበርነት በመሸጋገር በ2009 እውቅና አገኘ። ማኅበሩ ከ1957 ወዲህ ከይፋዊው ፌዴሬሽን ውጪ የተቋቋመ የመጀመሪያው ነበር። ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ የነበሩት ከማል አቡ ዒጣ በ2013 የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ተሹመዋል።

በጁን 2010 ወጣቱ ኻሊድ ሰዒድ በአሌክሳንድሪያ በፖሊሶች ተደብድቦ ከሞተ በኋላ “ሁላችንም ኻሊድ ሰዒድ ነን” የሚለው የፌስቡክ ገጽ ተከፈተ። ከገጹ አስተዳዳሪዎች አንዱ በጎግል ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ዋኤል ጎኒም ነው። የጃንዋሪ 25 ጥሪ በዋነኛነት የተሠራጨውም በዚሁ ገጽ አማካይነት ነበር። ይሁን እንጂ የሙባረክ መንግሥት በመጨረሻዎቹ ቀናት የተዳከመው በታህሪር በተሰበሰበው ሕዝብ ብቻ አይደለም። ከፌብሩዋሪ 8 ጀምሮ የትራንስፖርት፣ የፋብሪካና የሱዊዝ ካናል አገልግሎት ኩባንያዎች ሠራተኞች ሥራ ማቆማቸው ጫናውን አክብዶታል።

ከሙባረክ መውረድ በኋላ የገጹ ውሱንነት በይፋ ታየ። አዲሱን ሥርዓት ለመቅረጽ በተካሄደው ድርድር ላይ የተደራጁት አካላት ጦር ኃይሉና በ1928 የተመሠረተው የሙስሊም ወንድማማቾች ማኅበር ነበሩ። በ2011 መጨረሻና በ2012 መጀመሪያ በተካሄደው የምክር ቤት ምርጫ የሙስሊም ወንድማማቾች ፓርቲ ከመቀመጫዎቹ ግማሽ ያህሉን ሲያሸንፍ፣ የአደባባዩ ወጣቶች ያሰባሰቡት ጥምረት ያገኘው መቀመጫ ከ10 ያነሰ ነበር። ሚሊዮኖችን የጠራ ገጽ በየምርጫ ጣቢያው ታዛቢ ማቆም አልቻለም። ከ2013 የሥልጣን ለውጥ በኋላ ደግሞ የተቃውሞ ሰልፍን የሚገድብ ሕግ ወጣ፤ በኤፕሪል 2014 የኤፕሪል 6 ንቅናቄ በፍርድ ቤት ውሳኔ ታገደ። ዋኤል ጎኒም ራሱ በ2015 ባደረገው ንግግር ኅብረተሰብን ነጻ ለማውጣት ኢንተርኔት በቂ ነው ብሎ ማመኑ ስህተት እንደነበር ገልጿል።

ቱኒዚያ፦ ገጹና ማኅበሩ የተገናኙበት

በቱኒዚያ የሆነውን በሚገባ ለመረዳት ከ2010 በፊት መጀመር ያስፈልጋል። በ2008 በጋፍሳ የፎስፌት ማዕድን አካባቢ፣ በተለይም በረደየፍ ከተማ፣ በሥራ ቅጥር አድልዎ ምክንያት የተነሣው ተቃውሞ ለወራት ቆይቷል። ተቃውሞውን ይመሩ የነበሩት በአካባቢው የሠራተኛ ማኅበር አባል የሆኑ መምህራን ናቸው። ነገር ግን አካባቢው በጸጥታ ኃይሎች ተከብቦ ዜናው ወደ ሌሎች ክፍላተ አገር ሳይደርስ ቀረ። ዩቲዩብም ከ2007 ጀምሮ ተዘግቶ ነበር። ሕዝቡ በኮምፒዩተሩ ላይ “ገጹ አልተገኘም” የሚለውን የ404 መልእክት ደጋግሞ በማየቱ ለመንግሥት ቁጥጥር “ዓማር 404” የሚል የቀልድ ስም አውጥቶለት ነበር። ማኅበር ኖሮ መገናኛ በመጥፋቱ የጋፍሳ ተቃውሞ በአካባቢው ተወስኖ ከሰመ።

ዲሴምበር 17 ቀን 2010 በሲዲ ቡዚድ ከተማ አትክልት ሻጩ ሙሐመድ ቡዓዚዚ ራሱን ባቃጠለ ጊዜ ግን ሁኔታው የተለየ ነበር። ፌስቡክ አልተዘጋም፤ ተጠቃሚዎቹም ወደ 2 ሚሊዮን ይጠጉ ነበር። በስልክ የተቀረጹ ምስሎች በፌስቡክ ተለቀቁ፤ እነዚህኑ ምስሎች አልጀዚራ ቴሌቪዥን ለመላው አገር አሰማ። በተጓዳኝም በ1946 የተመሠረተው የቱኒዚያ አጠቃላይ የሠራተኞች ማኅበር የክፍላተ አገር ጽሕፈት ቤቶች ለተቃዋሚዎች መሰብሰቢያ ሆኑ። ጠበቆች ካባቸውን እንደለበሱ ከፍርድ ቤቶች ደጃፍ ወጡ። ጃንዋሪ 12 ቀን በስፋክስ ከተማ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ተደረገ፤ ጃንዋሪ 14 ቀን በዋና ከተማዋ በቱኒስ ተደገመ። በዚያው ዕለት ፕሬዚዳንት ዚን አል ዓቢዲን ቤን ዓሊ ከአገር ወጡ።

የማኅበራቱ ድርሻ ይበልጥ ጎልቶ የታየው ከሁለት ዓመታት በኋላ ነው። በ2013 ሹክሪ በልዒድና ሙሐመድ ብራህሚ የተባሉ ሁለት የተቃዋሚ ፖለቲከኞች በተከታታይ በተገደሉ ጊዜ አገሪቱ ወደ ከፋ ግጭት ለመግባት ተቃርባ ነበር። በኢንተርኔት የሚካሄደው ክርክር በወቅቱ ልዩነቱን ከማስፋት በቀር መፍትሔ አላመጣም። ጎራዎቹን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀመጡት የሠራተኞች ማኅበር፣ የአሠሪዎች ማኅበር፣ የሰብዓዊ መብቶች ሊግና የጠበቆች ማኅበር ናቸው። በድርድሩ መሠረት የወቅቱ መንግሥት ሥልጣኑን ለባለሙያዎች ካቢኔ አስረከበ፤ በጃንዋሪ 2014ም አዲስ ሕገ መንግሥት ጸደቀ። አራቱ ማኅበራት ለዚህ አስተዋጽኦአቸው የ2015 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብለዋል።

ይህ ሲባል የቱኒዚያ ተሞክሮ እስከ መጨረሻው የተሳካ ነበር ማለት አይደለም። ፕሬዚዳንት ቃይስ ሰዒድ በጁላይ 2021 የምክር ቤቱን ሥራ አገዱ። በሴፕቴምበር 2022 የወጣው ቁጥር 54 ድንጋጌ ሐሰተኛ ወሬ ያሠራጨ ሰው እስከ 5 ዓመት፣ ወሬው የመንግሥት ሹምን የሚመለከት ከሆነ ደግሞ እስከ 10 ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ ይፈቅዳል። ድንጋጌው በጋዜጠኞችና በጠበቆች ላይ ተፈጻሚ ሆኗል። በ2024ም ስደተኞችን የሚረዱ ማኅበራት ኃላፊዎች ታስረዋል። ጠንካራ የነበሩት ማኅበራትም በውስጥ ክፍፍል ተዳክመዋል። ማኅበር በየጊዜው ካልታደሰና ሕጋዊ ከለላ ካላገኘ ያለፈ ዝናው ብቻውን እንደማያቆመው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሱዳን፦ ያለ ኢንተርኔት የተጠራው ሰልፍ

በሱዳን በዲሴምበር 2018 በዳቦ ዋጋ መናር ሳቢያ በአትባራ ከተማ የጀመረውን ተቃውሞ አስተባብሮ የመራው የሱዳን ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ማኅበሩ ሐኪሞችን፣ ጋዜጠኞችን፣ ጠበቆችን፣ መምህራንንና መሐንዲሶችን ያሰባሰበ ሲሆን መጀመሪያ ላይ ሊያካሂድ ያቀደው ሰልፍ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለልን የሚመለከት ነበር። የየሳምንቱን የሰልፍ መርሐ ግብር በፌስቡክ ገጹ ያወጣል፤ በየሰፈሩ የተቋቋሙት የተቃውሞ ኮሚቴዎች ደግሞ ያስፈጽማሉ። መንግሥት ማኅበራዊ ድረ ገጾችን ቢዘጋም ተጠቃሚዎች እገዳውን በሚያልፉ ፕሮግራሞች እየታገዙ ቀጠሉ። ፕሬዚዳንት ዑመር አል በሺር ኤፕሪል 11 ቀን 2019 ከሥልጣን ተወገዱ።

በጁን ወር ኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ ሲቋረጥ የሰፈር ኮሚቴዎቹ ወደ ቀደመው መንገድ ተመለሱ። በራሪ ወረቀት በተኑ፤ በግድግዳ ላይ ጻፉ፤ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ተጠራሩ፤ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ተናገሩ። የጁን 30 ሰልፍ በዚህ መንገድ ተሳካ። አንድ የሱዳን ጠበቃ በበኩሉ አገልግሎቱ እንዲመለስ የቴሌኮም ኩባንያውን ፍርድ ቤት አቀረበ። ክሱ በግሉ የቀረበ በመሆኑ በመጀመሪያ ኢንተርኔት የተከፈተለት ለእርሱ ብቻ ነበር። ቆይቶ ግን በጁላይ ወር አገልግሎቱ ለሕዝቡ በሙሉ ተመለሰ።

ከሰልፉ በኋላ የአፍሪካ ኅብረትና ኢትዮጵያ በጋራ ባካሄዱት ሽምግልና ወታደራዊው ምክር ቤትና የነጻነትና የለውጥ ኃይሎች ጥምረት ተደራድረው ኦገስት 17 ቀን 2019 የሽግግር ስምምነቱን በካርቱም ተፈራርመዋል። ሸምጋዮች የሚያነጋግሩት፣ ቃሉን የሚሰጥና ፊርማውን የሚያኖር አካል ባይኖር ኖሮ ሽምግልናው ከመነሻው ባልተቻለ ነበር። የባለሙያዎቹ ማኅበር በጥምረቱ ውስጥ መገኘቱ ይህንን አስችሏል።

ስምምነቱ በኦክቶበር 2021 በተካሄደው መፈንቅለ መንግሥት ተናግቷል፤ በኤፕሪል 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነትም አገሪቱን ለከፍተኛ ዕልቂትና ስደት ዳርጓል። ይሁንና የሰፈር ኮሚቴዎቹ ልምድ አልጠፋም። የኮሚቴዎቹ አባላትና ሌሎች በጎ ፈቃደኞች “የአስቸኳይ ምላሽ ክፍሎች” በሚል ስያሜ ተደራጅተው የጋራ ወጥ ቤቶችን በማቋቋም፣ ቁስለኞችን በማንሳትና ውሃ በማዳረስ ተሠማርተዋል። ከውጭ የሚላክላቸውን ገንዘብ የሚቀበሉት በስልክ የባንክ አገልግሎት ሲሆን የሚነጋገሩትም በዋትስአፕ ነው። በፌብሩዋሪ 2024 በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የስልክና የኢንተርኔት መስመር ሲቋረጥ ገንዘብ መላክ ባለመቻሉ በርካታ ወጥ ቤቶች እሳታቸው ጠፋ። በ2019 መስመር ቢቋረጥም ሰልፍ ማካሄድ ተችሎ ነበር፤ በ2024 ግን መስመር መቋረጥ ማለት ምግብ መቋረጥ ሆነ።

ሊባኖስ፦ መቆሚያ ያለውና የሌለው

ኦክቶበር 17 ቀን 2019 የሊባኖስ ካቢኔ በዋትስአፕ በሚደረግ የስልክ ጥሪ ላይ በቀን 20 የአሜሪካ ሳንቲም የሚያስከፍል ዕቅድ ይፋ ሲያደርግ ሕዝቡ በዚያው ምሽት ወደ ጎዳና ወጣ። ዕቅዱ ወዲያውኑ ቢነሣም ተቃውሞው አልቆመም። ጠቅላይ ሚኒስትር ሰዓድ ሐሪሪ በወሩ መጨረሻ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። “ሁሉም ሲባል ሁሉም ነው” የሚለው የተቃዋሚዎች መፈክር ባለሥልጣናቱን ያለ ልዩነት የሚያወግዝ ነበር። ነገር ግን ተቃዋሚዎቹ የሚወክላቸውን አካል ስላልሰየሙ መንግሥትም የሚያነጋግረው አጣ። ንቅናቄው ተጨባጭ ውጤት ያገኘው በሙያ ማኅበራት በኩል ነው። በኖቬምበር 2019 የቤይሩት ጠበቆች ማኅበር ከፓርቲዎች ነጻ የሆኑትን መልሒም ኸለፍን ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ፤ እርሳቸውም በ2022 የምክር ቤት አባል ለመሆን በቅተዋል።

በሊባኖስ የሚገኙ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ሁኔታ ደግሞ ይኸው ጉዳይ በሌላ ገጽታው የሚታይበት ነው። የ1946 የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አይመለከትም። “ከፋላ” የተባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓትም ሠራተኛዋን ከአንድ አሠሪ ጋር ያቆራኛታል። በ2015 መጀመሪያ የቤት ሠራተኞች ማኅበር ለማቋቋም የተደረገው ሙከራ ከሊባኖስ የሥራ ሚኒስቴር እውቅና አላገኘም። ከዚህ በኋላ አቤቱታው በስልክ ወደሚቀረጽ ምስልና ወደ ፌስቡክ አዘነበለ። በ2017 “እኛ ለእኛ በስደት” የተባለ ስብስብ በቤይሩት በኢትዮጵያውያን ሴቶች ተመሠረተ። በ2020 የኢኮኖሚው ቀውስና ኮሮና ተደራርበው አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ አውርደው ሲሄዱ የሚያሳዩት ምስሎች በዓለም ዙሪያ ታዩ።

ይህን ተከትሎ የሊባኖስ የሥራ ሚኒስቴር በሴፕቴምበር 2020 የሠራተኛዋን ዕረፍትና ሥራ የመልቀቅ መብት የሚያስከብር አዲስ መደበኛ የሥራ ውል አጸደቀ። ሆኖም የሠራተኛ አስመጪ ኤጀንሲ ባለቤቶች ማኅበር ባቀረበው አቤቱታ መሠረት የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በቀጣዩ ወር ውሉ ተግባራዊ እንዳይሆን አገደው። የኤጀንሲዎቹ ባለቤቶች በሕግ የታወቀ ማኅበር ስላላቸው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ሠራተኞቹ ግን የነበራቸው ምስሉና የዓለም ርኅራኄ ብቻ ነበር። ምስሉ ሚኒስቴሩን ውል እስከማጻፍ አድርሶታል፤ የተጻፈውን ውል በፍርድ ቤት ለመከላከል ግን የሕግ ሰውነት ያስፈልግ ነበር።

የመንግሥታት ምላሽ

በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የዓረብ መንግሥታት ዝም ብለው አልተቀመጡም። ግብፅ በ2018 ባወጣቻቸው ሕጎች ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ያለው የግለሰብ ገጽ እንደ መገናኛ ብዙኃን ተቆጥሮ ቁጥጥር እንዲደረግበት ደንግጋለች። ዮርዳኖስም በ2023 ጠበቅ ያለ የኮምፒዩተር ወንጀል ሕግ አውጥታለች። የፖለቲካ ፓርቲ ማቋቋም በማይፈቀድባት በሳዑዲ ዓረቢያ ሴቶች መኪና እንዲያሽከረክሩ ለመጠየቅ በ2011 በኢንተርኔት ዘመቻ ከተካሄደ በኋላ ፈቃዱ በጁን 2018 ተግባራዊ ሲሆን፣ ፈቃዱን ሲጠይቁ ከነበሩት ሴቶች መካከል የተወሰኑት ከአንድ ወር በፊት ታስረው ነበር።

ከሕጉ ሌላ መንግሥታት በመድረኩ ላይ ራሳቸው ተሳታፊ ሆነዋል። በሐሰት ስም የሚከፈቱና በብዛት የሚዘምቱ ገጾችን ዓረቦች “የኤሌክትሮኒክ ዝንቦች” ይሏቸዋል። ትዊተር በዲሴምበር 2019 ከአንድ የሳዑዲ ድርጅት ጋር የተያያዙ 5 ሺህ 929 ገጾችን መዝጋቱን አስታውቋል። የዚህ ዓይነቱ አሠራር መዘዝ ለመንግሥትም ይተርፋል። በተቀጣሪ ድምፅ በተጥለቀለቀ መድረክ ላይ የሕዝቡ እውነተኛ ቅሬታ የትኛው እንደሆነ መለየት ለአስተዳዳሪውም አዳጋች ይሆናል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረቡት አብነቶች ሦስት ነጥቦችን መጨበጥ ይቻላል። አንደኛ፣ ኢንተርኔትና ሲቪል ማኅበር አንዱ ሌላውን አይተካም። በጋፍሳ ማኅበር ኖሮ መገናኛ ጠፋ፤ በካይሮ መገናኛ ኖሮ የተደራጀ ማኅበር አነሰ፤ በቱኒስ በ2011 ሁለቱ ተገናኙ። ሁለተኛ፣ የማኅበራትን ምዝገባ ማጥበብ ቅሬታን አያጠፋም። ቅሬታው አድራሻ፣ ሊቀመንበርና ማኅተም ካለው ስፍራ ተነሥቶ እነዚህ ወደሌሉበት ይዛወራል። ሦስተኛ፣ ኢንተርኔትን ማቋረጥ ሰልፍን እንደማያስቀር ካይሮና ካርቱም ሲያሳዩ፣ የተራበን ሕዝብ የሚመግብን ወጥ ቤት ግን ሊዘጋ እንደሚችል የ2024ቱ የሱዳን ሁኔታ አሳይቷል።

አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጃፉ ላይ ማመልከቻ ይዞ የሚመጣ ማኅበር ሲገጥመው ደብዳቤው መዝገብ ቤት ይገባል፤ ቀጠሮ ይያዛል፤ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፤ የተስማሙበትም ይፈረማል። ሒደቱ አድካሚና አንዳንዴም የማያስደስት መሆኑ እውነት ነው። በግብፅ፣ በሱዳንና በሊባኖስ እንደታየው ግን ይህ አድካሚ መንገድ በታጠበ መጠን መንግሥት ቅሬታውን የሚሰማው ከአደባባይ ነው። በዚያን ጊዜም ቀጠሮ የሚሰጠው ተወካይ ላያገኝ ይችላል።